ከወንዝ ወደብ የመጣው ኮንቴይነር

ይሄ የሆነ ነገር ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው፤ እኔ ሰው ለማሳመን ጉልበት የለኝም። ደክሞኛል።

ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ፣ ሀና ማርያም፣ መንገድ ዳር። የታክሲው ረዳት "ጋርመንት! ጋርመንት!" እያለ ይጮሃል። በዚህ ሰዓት ምን ያስፈራል ትሉ ይሆናል...

ኮርሳ እባላለሁ፤ በያጅ ነኝ። አባቴ ፉሪ ላይ ጤፍ ሲያጭድ ኖረ፤ እኔ አሮጌ ኮንቴይነር እየቆረጥኩ ሱቅ አደርጋለሁ። ወገቤ አልቋል፣ ዓይኔም እየሄደ ነው፤ ግን እንጀራ ነው፣ ምን ይደረጋል።

የዚያን ቀን ሥራ የእትዬ ማሚቴ ነበር። ጉልት እየቸረቸሩ ልጃቸውን ኤልዳድን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ ጸሎት ከአፋቸው የማይጠፋ የወላይታ ሴት ናቸው። ኤልዳድ... ያ ልጅ ሳለ የታክሲ በር ትንሿን ጣቱን የቆረጠበት... አሁን መርከበኛ ነው። ሱቁን ያሰበላቸው እሱ ነው። ኮንቴይነሩም እሱ ከሚመላለስበት ወደብ ዕቃ ጭኖ የመጣ ነው አሉ።

ወደቡ ባሕር ላይ አይደለም፤ ወንዝ ላይ ነው። ወንዙ ከጥልቀቱ የተነሳ የውቅያኖስ መርከብ እስከ ከተማው መሀል ይገባል። እትዬ ማሚቴ ልጃቸው የላከውን የድምፅ መልእክት ላገኙት ሰው ሁሉ ያሰማሉ፤ እኔም ስንቴ ሰምቼዋለሁ። የእኛ ጎማና ሴራሚክ የሚጫነው ከዚያ ነው። መርከብ ሲገባ ከተማው በሙሉ ይነሳል። ተሸካሚው ሥራ ያገኛል፣ ሴቶቹ በጀልባ ምግብ ይዘው ይቀርባሉ፣ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት በዚያ ነው። መጨረሻ ላይ ኤልዳድ ይስቅና እንዲህ ይላል፦

"እማ፣ ሰዎቹ ወንዙ ያበላናል ይላሉ። ግን ድርሻውንም ይወስዳል አሉኝ።"

ከዚያ ወዲህ ስልኩ ዝግ ነው። እናት ሱቁን እያሠሩ የሚጠብቁት እሱን ነው።

እኛ በያጆች ከመቁረጣችን በፊት የማንዘለው ነገር አለ። አንድ ሰው ውስጥ ይገባል፣ በሩ ይዘጋበታል። ላሜራው ከተበሳ ብርሃን ያስገባል። ውስጥ ያለው ብርሃን ያየበትን ቦታ በመዶሻ ይመታል፤ ውጭ ያለው እዚያው ላይ በጠመኔ ክብ ይሥላል። ክረምት ሲገባ እንዳያፈስ በኋላ እንበይደዋለን።

ደምሰው ገባ። ለዓመታት አብሮኝ የሠራ ሰው ነው። ዘጋሁበት።

ኳ...

ከታች፣ ወለሉ አጠገብ። ክብ ሣልኩ።

ኳ... ኳ...

ከፍ ብሎ። ጉልበቴ ጋ። ቀጥሎ ወገቤ ጋ።

ይሄ ኮንቴይነር ወንፊት ነው እንዴ? አልኩ በልቤ።

ምቱ እየፈጠነ ሄደ። ደረቴ ጋ... አንገቴ ጋ... መሰላል አምጥቼ ወጣሁ። ጣሪያው ሥር ደጋግሞ፣ ደጋግሞ መታ።

ከዚያ ዝም አለ።

እጄን ላሜራው ላይ አሳረፍኩ። በዚያ ሁሉ ፀሐይ ቀዝቃዛ ነበር።

ሮጬ በሩን ከፈትኩ። ደምሰው በሩ ሥር ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ምን ሆነህ ነው?"

"አልመታሁም" አለ በሹክሹክታ።

"እንዴት አልመታህም?"

"አንድም ብርሃን የለም፣ ኮርሳ። ምኑን ልምታ? አንተ አይደለህ እንዴ ከውጭ የምትደበድበው?"

ሲራመድ ጫማው ውስጥ ውሃ ተንቦጫረቀ። በጋ ነው እኮ። የኮንቴይነሩ ወለል ደግሞ አቧራ ነው።

በሞባይሌ አበራሁ። ከውጭ በጠመኔ ክብ በሣልኩበት ቦታ ሁሉ፣ ከውስጥ በኩል፣ የእርጥብ መዳፍ ምልክት አለ። ከወለሉ እስከ ጣሪያው ድረስ።

ሁሉም አራት አራት ጣት ነው።

ሥራውን ሊያዩ የመጡት እትዬ ማሚቴ ከኋላችን ገብተዋል። እንዳያዩ ልከልላቸው ፈለግኩ፤ አልፈውኝ ሄዱ። "በኢየሱስ ስም..." ብለው ጀመሩ፤ ጸሎቱ ግን አልቀጠለም። መዳፋቸውን የመጀመሪያው ምልክት ላይ አስቀመጡ።

አመሻሹ ላይ ከመርከቡ ሰዎች ተደወለ። ኤልዳድ ወደቡ ላይ ወንዝ ውስጥ ወድቋል፣ አልተገኘም፣ ፍለጋው ቀጥሏል አሉ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። አላለቀሱም።

"አትልፉ፣ ልጄ" አሉት የደወለውን ሰውዬ። "እኔ ጋ መጥቷል።"

የሱቁን መስኮት አልቆረጥነውም። ደምሰው ሥራውን ትቶ አገሩ ገባ። እትዬ ማሚቴ ግን በየቀኑ ኮንቴይነሩ ሥር ቁጭ ብለው በድንጋይ ያንኳኳሉ፣ ጆሯቸውን ይደቅናሉ። የሰፈሩ ሰው አበዱ ይላል። እኔን ግን አንጀቴን ይበሉኛል።

ትናንት ወደ ቤት ይግቡ ብዬ ልለምናቸው ሄድኩ። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። አጠገባቸው በርከክ አልኩ።

ኳ...

ከጣሪያው አይደለም። ከወለሉም አይደለም። ኮንቴይነሩ ከተቀመጠበት አፈር ሥር ነው... ከጥልቅ።

ያኔ ነው ከጎናቸው፣ አዲስ የተቆፈረ ጉድጓድ አፍ ላይ ያለውን አካፋ ያየሁት።

እስከ እጀታው ርሷል።