ቀኝ እጅ፣ ግራ ጆሮ

በወታደር ምልመላው ግቢ፣ ወረፋው ላይ፣ ከፊታቸው ስድስት ሰው ቀርቷል። እናትየው የልጇን ክንድ እንደ ሕፃን ጨብጣ ይዛለች፤ እሱ ግን ቁመቱ እሷን ጥሏት የሄደ ጎረምሳ ነው። መንታ እህቱ ከኋላቸው ቆማ የኬሚስትሪ መጽሐፏን ደረቷ ላይ ለጥፋለች። መጽሐፉ ውስጥ የክትባት ካርዱ አለ። ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ወይም እንደዚያ መስሏታል።

ነገሩ የተጀመረው ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ነው። እናትየው ሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ሆና ስትቀጠር መንታዎቹን የምትተውበት አጣች። ያኔ ትምህርት ቤቱ የልደት ወረቀት አይጠይቅም፤ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን የነካ ልጅ ደርሷል ተብሎ ይገባል። እሷም አንገታቸውን ዘንበል፣ ትከሻቸውን ሳብ እያስደረገች ወር ሙሉ አለማመደቻቸው። የአራት ዓመት ልጆች ጆሯቸውን ነኩና ስድስት ተብለው ተመዘገቡ። ይህን ስታወራ ሁሌም ትስቅ ነበር። ዘንድሮ ጦርነቱ ሲከፋ፣ አሥራ ስምንት የሞላቸው ወንዶች ስም ለውትድርና ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ተቀዳ። ሳቋም በዚያው ቀረ።

የምልመላው ጸሐፊ ባለፈው ሳምንት ቁርጡን ነግሯቸዋል። «ማስረጃ ካመጣችሁ ልጁን እሰርዘዋለሁ። ግን ለትምህርት ቤቱም እጽፋለሁ። በሐሰት ዕድሜ የተማረ ፈተና አይቀመጥም።»

እውነተኛው የልደት ቀናቸው የተጻፈው የክትባት ካርዱ ላይ ብቻ ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ የከተበቻቸው ነርስ ወረቀት አጥሯት ሁለቱንም አንድ ላይ ጽፋቸዋለች፤ መንታ፣ ወንድና ሴት። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እናትየው ግን «አንቺ ሌላ ጊዜ ትማሪያለሽ» ብላ ፍለጋዋን ቀጠለች፤ ያቺው «ልጄ ሐኪም ትሆናለች» እያለች ለአጣቢዎቹ ሁሉ ያወራች እናት። ልጅቷ ካርዱን ትናንት ከአሮጌ ሻንጣ ገበር ውስጥ ስታገኘው «እማ!» ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው። ራሷን ጠላች፤ ግን ዘጋችው።

«ሦስት ሰው ቀረ» አለች እናትየው። «የጸሐፊው እግር ላይ እወድቃለሁ። እሱስ ልጅ የለውም?»

«አቦ እማ፣ አታዋርጂን» አለ ልጁ። ወደ እህቱ ዞረ። በሃያ ደቂቃ ስለሚቀድማት «ታላቅሽ ነኝ» እያለ ሲያበሽቃት ነው የኖረው። ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ፣ «ቁንጫ፣ መጽሐፉን እንደዚህ አትጨብጪው። ካርዱ ይቀደዳል» አላት።

ቀና ብላ አየችው። «መቼ አየህ?»

«ስትደብቂው። መስኮቱ ጋ ነበርኩ።»

«እሰጠዋለሁ። እውነቴን ነው፣ አሁን እሰጠዋለሁ።»

እጇ ግን ከመጽሐፉ ላይ ንቅንቅ አላለም። እሱም እጇን አየ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

ግቢው ጥግ ላይ ወረፋ የሌለው ሌላ ጠረጴዛ አለ፤ የፈቃደኞች ነው። እዚያ ዕድሜም ማስረጃም የሚጠይቅ የለም፤ በፈቃዱ የፈረመን ደግሞ ካርድ ቢመጣም ማንም አይሰርዘውም። ልጁ «ውሃ ጠጥቼ መጣሁ» ብሎ ክንዱን ከእናቱ እጅ አላቀቀና ወደዚያው ሄደ።

እናትየው ነገሩ የገባት ወታደሩ ብዕር ሲያቀብለው ነው። ጩኸቷ ግቢውን ሞላው። ልጅቷም ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ እንደ ትናንቱ ዘጋችው። እሱ ፈርሞ ቀና ሲል ፈገግ ሊልላት ሞከረ።

ከሰዓት በኋላ፣ የወታደር መኪና ጭኖት ከሄደ ሁለት ሰዓት ሆኖት፣ እናትየው ሻንጣዎቹን ሁሉ ወለሉ ላይ ዘርግፋ አሁንም ትፈልጋለች።

«የሆነ ቦታ አስቀምጬዋለሁ» ትላለች ለራሷ። «ወይስ ከልብስ ጋር አጠብኩት? ልጄን የፈጀሁት እኔ ነኝ። ጆሮህን ንካ ያልኩት እኔ።»

ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ሰማቻት። ዝም ብትል እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ ራሷን ስትረግም ትኖራለች። ብትናገር ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ እናቷ እንዴት እንደምታያት አታውቅም። ቤት ውስጥ የቀሩት ሁለታቸው ብቻ ናቸው።

ገብታ ልብሱ መሃል ከእናቷ አጠገብ ቁጭ አለች። መጽሐፏን ከፈተች።

«እማ፣ መፈለጉን ተዪው» አለችና ካርዱን በእናቷ ጉልበት ላይ አስቀመጠች።