ያልሠራበት ደሞዝ

ይርሳው ዓርብ ጧት በአሚሻቭ ሠፈር፣ ከሚኖርበት ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ጀርባ፣ ከጋዝ ሲሊንደሮቹ አጠገብ ሞቶ ተገኘ። ያገኘው ሲሊንደር ሊቀይር የመጣ ሠራተኛ ነው። ከጣራ መውደቁ አላከራከረም፤ አንድ እግር ጫማው እዚያው ላይ ከውሃ ማሞቂያዎቹ መካከል ቀርቶ ነበር። መርማሪ ምሥራቅ ስትደርስ አለቃዋ ኢታማር ነገሩን በልቡ ዘግቶት ቆያት።

«ራሱን ወርውሮ ነው» አላት። «ፋብሪካ እጁን በላው፤ በካሳ ይኖራል፤ አሁን ደግሞ የግብር ጣጣ መጣበት። በቃው። ያላ፣ ቶሎ በይ፤ ሻባቱ፣ ሰንበቱ ሳይገባ እንጨርስ።»

ኢታማር ክፉ ሰው አይደለም፤ ችኩል ነው እንጂ። ምሥራቅ ግን የወገራ ልጅ ናት፤ ሱዳን ድረስ በእግሯ ተጉዛ ለመጣች ሴት የሚያስቸኩል ነገር ብዙ የለም። ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ተመለከተች።

«ማን ነካው?»

«ማንም። ጋዝ ቀያሪው ከሩቅ አይቶ ደወለ። ከመጣን በኋላም ቤተሰቡን ከገመዱ ወዲህ አላሳለፍንም።»

ከአራት ፎቅ የወደቀ ሰው እንዳወዳደቁ ነው የሚቀረው። ይርሳው ግን ቀጥ ብሎ በጀርባው ተኝቷል፤ እግሮቹ ገጥመዋል፤ ሽባው ቀኝ እጁ ከጎኑ ተዘርግቷል፤ ዓይኖቹም ተከድነዋል። ምሥራቅ ይህን በማስታወሻዋ ጻፈችና ተነሣች።

ከገመዱ ማዶ ሚስቱ ደጊቱ ደረቷን ትደቃለች። ምሥራቅን ስታይ ክንዷን ያዘቻት።

«እህቴ፣ ራሱን ገደለ እያሉ ነው። እንዲህ ከተባለማ ከሰው ለይተው ከአጥር ጥግ ይቀብሩብኛል። ልጆቼስ በምን ዓይናቸው ሰው ያያሉ? ይርሳው ራሱን አልገደለም።»

«እውነቱን ፈልጌ አመጣልሻለሁ። የማንም እውነት ቢሆን ትሸከሚዋለሽ?»

«የማንም ይሁን» አለች ደጊቱ።

ከኋላዋ ራቅ ብሎ ታላቅ ወንድሟ አለኸኝ ቆሟል። ሃምሳን ያለፈ ጸሎተኛ ሰው ነው። ከአምስት ዓመት በፊት፣ በ1991 እ.ኤ.አ.፣ ብቻውን መጥቶ ሚስቱና ልጆቹ ጎንደር ቀሩ፤ እስከ ዛሬ የመግቢያ ፈቃድ ይጠብቃሉ። ዘመድ ሁሉ ደጊቱን አቅፎ ሲላቀስ እሱ ከግድግዳ ተጣብቆ ለብቻው ያለቅሳል።

«ትናንት ማታ የት ነበሩ፣ አያ አለኸኝ?»

«ቤቴ። አሞኝ ተኝቼ ነበር። ሞቱን የሰማሁት ዛሬ ጧት ነው።»

«ሬሳውን ቀርበው አዩት?»

«ማን አሳልፎኝ።»

የይርሳውን የግብር ጉዳይ የያዘው አማካሪ ዮታም ቢሮው መሃል ከተማ ነው። ምሥራቅ እዚያ ስትደርስ ሰውዬው ሞቱን ሰምቶ ፊቱ ጠቁሯል።

«ካሳው ራሱ ግብር የለበትም» አላት። «ችግሩ በይርሳው የመታወቂያ ቁጥር የጽዳት ሠራተኛ ደሞዝ ተመዝግቦ መገኘቱ ነው። የገቢ ግብር ቢሮው መግለጫ አቅርብ አለው። ደሞዙ የኔ ነው ብሎ ቢፈርም፣ መሥራት አይችልም ተብሎ የሚሰጠው ካሳ ይቆማል። የኔ አይደለም ቢል ደግሞ የማን እንደሆነ መናገር አለበት።»

«የማን ነው?»

«የዘመድ ነው አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም። ሐሙስ ቀን መጥቶ፣ እሑድ ሄጄ ስሙን እሰጣለሁ አለኝ። እያለቀሰ ነበር።»

ዮታም ራሱ ሐሙስ ማታ ክፋር ጋኒም ሠፈር ውስጥ ልጁን ሲድር ነው ያመሸው፤ ያላየው የሠፈር ሰው የለም።

ምሥራቅ ወደ አሚሻቭ ስትመለስ አገር ቤትን አሰበች። አገር ቤት በሬ ይዋሳል፣ ቀንበር ይዋሳል፤ የቸገረውን ዘመድ መከልከል ነውር ነው። መታወቂያስ ምን ይለያል ብሎ ይርሳው እንደ በሬ አዋሰው። በሬ ግን አርሶ ወደ ጌታው ይመለሳል፤ የማን እርሻ ላይ እንደዋለም ማንም አይጠይቀውም። እዚህ አገር የታረሰው ሁሉ በባለቤቱ ስም ይጻፋል።

ያንን ደሞዝ የከፈለው የጽዳት ሠራተኛ አሰማሪ ጎበዜ ነው። ረቡዕ ዕለት ከይርሳው ጋር ሲጨቃጨቅ ጎረቤት ሰምቶታል።

«ይርሳው ራሱ ነው ሲሠራልኝ የነበረው» አለ።

«በአንድ እጁ ስፖንጃ ሲያደርግ? ወለል ሲወለውል?»

ጎበዜ አንገቱን ደፋ። «በሰደር፣ እሺ፣ ሌላ ሰው ነው። ስሙን ግን ከእኔ አትሰሚም። ይርሳውን አትናገር ብዬ ለመንኩት፤ እኔም ፈቃዴን እነጠቃለሁ። ግን አልነካሁትም። ሐሙስ ማታ ጊቫት ሽሙኤል የሠርግ አዳራሽ ስናጸዳ ነበርን፣ ከስድስት ሠራተኞች ጋር።»

«ሁልጊዜ ስድስት ናቸው?»

«ሰባት ናቸው። አንዱ ቀርቶብኝ ነው።»

ስድስቱም ተጠየቁ፤ ጎበዜ ከመካከላቸው እንዳልጠፋ ለየብቻ መሰከሩ።

እሑድ ጧት ምሥራቅ በይርሳው ሕንፃ ምድር ቤት የሚኖሩትን አሮጊቷን እማማ አሰፋችን አነጋገረች። እሳቸው ስለ ሟቹ ሲጠየቁ የራሳቸውን ቅያሜ አወሩላት፤ እርጅና መብት አለው፣ አላቋረጠቻቸውም።

«ይሄ አለኸኝ ናቀኝ፣ ልጄ። ሐሙስ ማታ የሻባቱን ዳቦ ላቦካ ስል በደጄ ሲያልፍ አየሁት። ዱቄቱን ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርድልኝ አልኩት። ለወትሮው እሺ ባይ ነው፤ ያን ለት ግን አልነካም ብሎ ወደ ኋላ አለ። ውሃ ብሰጠው ከእጄ አልቀበልም፣ መሬት ያስቀምጡልኝ አለኝ። ጠጥቶም ኩባያዬን ይዞት ሄዶ ጣለው። የልጄ ሚስት በእኛ ሰው ያልታረደ ሥጋ ከሱፐርማርኬት ስለምትገዛ ቤቴን ተጸይፎ ነው።»

«ሐሙስ መሆኑን እርግጠኛ ነዎት?»

«ዳቦ የማቦካ መች ነው ታዲያ? ሻባት ለታ ላቦካልሽ ነው?»

ምሥራቅ አልሳቀችም። ወደ ውጭ እየወጣች ለኢታማር ደወለችና ሁሉም ከሰዓት በኋላ ደጊቱ ቤት እንዲሰበሰቡ ጠየቀችው።

ሬሳው ገና ከምርመራ አልተመለሰም ነበር። ኢታማር ሰዓቱን እያየ፣ ዮታም ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ጎበዜ መሬት መሬት እያየ ተቀምጠዋል። እማማ አሰፋች ከደጊቱ አጠገብ ናቸው። አለኸኝ ግቡ ቢባልም ከደጃፉ ውጭ ደረጃው ላይ ቀረ። ምሥራቅ አማርኛውን ለቤቱ፣ ዕብራይስጡን ለሁለቱ ሰዎች እያፈራረቀች ጀመረች።

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። ይርሳው ራሱን ጥሎ ቢሆን ዓይኑን ማን ከደነለት? እግሩን ማን ገጠመለት? የሞተ ሰው ራሱን አይገንዝም። ስለዚህ ከጋዝ ቀያሪው በፊት አንድ ሰው አጠገቡ ነበር፤ ሙት መገነዝ የሚያውቅ የእኛ ሰው። ድንገት አግኝቶት ቢሆን በጮኸ፣ መንደሩን በቀሰቀሰ። አልጮኸም። አወዳደቁን ስለሚያውቅ ነው ዝም ያለው።»

ኢታማር ሰዓቱን ማየት ተወ።

«በኦሪት ሕጋችን ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ርኩስ ነው። ሰው አይነካም፣ የሰው ዕቃ አይነካም፣ ቤት አይገባም። እዚህ አገር ብዙዎቻችን ትተነዋል፤ ያልተወ ግን አለ። እማማ አሰፋች፣ አያ አለኸኝ እርስዎን አልተጸየፉም። የተጸየፉት ራሳቸውን ነው። ዱቄቱን ያልነኩት ዳቦዎ እንዳይረክስ ነው።»

እማማ አሰፋች እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ይህ የሆነው ሐሙስ ማታ ነው። የይርሳው ሞት የታወቀው ዓርብ ጧት ነው፤ ሬሳውንም እስከ ዛሬ ከቤተሰቡ የነካው የለም። ታዲያ፣ አያ አለኸኝ፣ ሐሙስ ማታ የነኩት ሬሳ የማን ነው?»

ምሥራቅ ወደ ጎበዜ ዞረች።

«ጎበዜ፣ ሐሙስ የቀረብህ ሠራተኛ ማን ነበር?»

«እሱ ነው» አለ ጎበዜ ቀስ ብሎ። «በይርሳው ስም የሚሠራውም እሱ ነው። በራሱ ስም ከሠራ ድጎማው ይቆምበታል።»

ምሥራቅ የይርሳውን ኦሪት ከመደርደሪያ አንስታ ወደ ደጃፉ ሄደች። «ተሳስቼ ከሆነ ይህን ይያዙና አልነካሁትም ይበሉ። እዚሁ እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

አለኸኝ እጁን ዘረጋ። መጽሐፉ ጋ ሳይደርስ መልሶ ከጀርባው ደበቀው።

«በዚህ እጄ አልይዘውም» አለ።

ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቀውም፤ ራሱ ተናገረ።

«ልገድለው አልወጣሁም። ጣራ ላይ የወጣነው ልጆቹ እንዳይሰሙን ነው። ለመንኩት። በድጎማ እየኖርኩ በሰው ስም መሥራቴ ከታወቀ ወንጀለኛ እባላለሁ፤ የወንጀለኛን ልጆች ማን ያመጣል? አምስት ዓመት ሙሉ ጠብቄያቸዋለሁ። እሱም አለቀሰ። ካሳው ከቆመ የኔ ልጆች ምን ይብሉ አለኝ። ምን ልበለው? እውነቱን ነው። ሊወርድ ዞረ። ያዝኩት፤ ተናነቅን፤ ገፋሁት።»

ምሥራቅ እንቆቅልሹን ፈታችው፤ ደስ የሚል ነገር ግን አላገኘችበትም። ሁለት የቸገራቸው ሰዎች አንድ መታወቂያ ላይ ቆመው ነበር፣ ለሁለት አልበቃም። ኢታማር ለደጊቱ በዕብራይስጥ፣ ባልሽ ራሱን እንዳልገደለ እጽፋለሁ፣ እንደማንኛውም ሰው በክብር ይቀበራል አላት። አንገቷን ነቀነቀች። ከዚያም ካቴናውን አውጥቶ ወደ ደጃፉ ሄደ።

«አይንኩኝ» አለው አለኸኝ። «እከተልዎታለሁ።»

ያን ጊዜ ደጊቱ ተነሣች። ሴቶቹ ሊይዟት ሞከሩ፤ አልፋቸው ሄዳ የወንድሟን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«ተይኝ፣ ቀኔ አልሞላም» አላት።

«ባሌን የገነዘ እጅ ነው» አለች። አጥብቃ ያዘችው፤ ዕንባዋ ጣቶቹ ላይ ይወርዳል።

«ዓይኑን ስትከድንለት ሞቶ ነበር?» ስትል ጠየቀችው።

አለኸኝ አያት። ሊዋሻት ይችል ነበር፣ ኢታማርም ምሥራቅም አይደርሱበትም ነበር።

«ወርጄ ሳገኘው ይተነፍስ ነበር። እስኪያልፍ አጠገቡ ተቀመጥኩ።»

«ሰው አልጠራህም?»

«አልጠራሁም።»

ደጊቱ እጁን ለቀቀችው።