ወንዙን የጠየቀው በትር

አዋላጇ ከወንዙ አፋፍ ስትደርስ ሰማይና ምድር በዝናብ ተሰፍተው ነበር። በደረቷ ባቀፈችው ሣጥን ውስጥ ደም የሚያቆም መድኃኒት አለ። ማዶ፣ ከተራራው ወገብ ላይ፣ ታናሽ እህቷን ምጥ ይዟታል፤ ባለፈው ወሊዷ ደሟ እንደ ውሃ ፈስሶ ከሞት ደጃፍ በእግዚአብሔር ቸርነት ተመልሳለች። ሕፃኑ መድኃኒቱን ከቀደመ... አዋላጇ ሐሳቧን አልጨረሰችውም።

«እንግባ!» ብላ በቅሎዋን ኮለኮለች።

መንገድ የሚመሯት አጎቷ ልጓሙን ጨበጡ። በበትራቸው ላይ በቢላ ጭረት አበጁና ከውሃው ዳር ተከሉት።

«ውሃው ጭረቱን ካለፈ በላይኛው ድልድይ እንዞራለን፤ ካላለፈ እንሻገራለን። ልባችን ሳይሸፍት አሁኑኑ እንቁረጥ።»

«እርስዎ እስኪቆርጡ እህቴ ታልቃለች!»

በዚህ መካከል ወደዚያው መንደር ዱቄት የሚጭን፣ በፍጥነቱ «ነፋሱ» የሚሉት ነጋዴ ደረሰና ጉዳዩን ሰማ።

«አባባ፣ ወንዝ በበትር ይጠየቃል እንዴ? እህቴ፣ ሣጥኑን ወዲህ በዪ፤ እኔ አደርሰዋለሁ።»

እጇ ወደ ሣጥኑ ማሰሪያ ሄደ፤ ተመለሰ። ውሃው ጭረቱን ዋጠው። አጎቷ ፊታቸውን ሲያዞሩ በትሩን ነቅላ፣ ጭረቱ ከውሃው በላይ እንዲታይ ወደ ዳር ጠጋ አድርጋ ተከለችው። እሳቸው ግን ከጭረቱ በላይ የተለጠፈውን ደለል አዩ።

«ልጄ፣ በትሩንስ አታለልሽው። ጎርፉን ማን ያታልልልሻል?»

አንገቷን ደፋች። ነፋሱ እየሳቀ ከነበቅሎው ወደ ጎርፉ ገባ፤ እነርሱም ወደ ላይኛው ድልድይ በሚወስደው የገደል መንገድ ዞሩ።

ጭቃው እግር ይነጥቃል፤ ድንጋይ ከላይ ይናዳል። ከጠባቡ መታጠፊያ ላይ በቅሎዋ ጆሮዋን አቁማ ደረቀች፦ ነብር ከቋጥኙ ላይ አድፍጧል።

«አትሩጪ! ከሮጥሽ ሚዳቋ ትሆኚበታለሽ።»

እግሯ ሩጪ ሩጪ እያላት ቆመች። አጎቷ ድንጋይ ከድንጋይ እያጋጩ ጮኹ፤ እሷም ጮኸች። ነብሩ ጅራቱን ወዝውዞ ጫካው ውስጥ ተሰወረ።

ድልድዩን ተሻግረው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሲደርሱ፣ ነፋሱ ከእህቷ ደጃፍ ላይ በባዶ እግሩ ተቀምጦ ይንቀጠቀጣል።

«ቀደምኩሽ» አለ፤ አልሳቀም። «በቅሎዬም ዱቄቴም ሄዱ። እኔን የዛፍ ሥር አወጣኝ። ያን ሣጥን ሰጥተሽኝ ቢሆን ኖሮ...»

ከውስጥ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። አዋላጇ ዘልላ ገባች። ደሙ መፍሰስ ጀምሯል፤ ሣጥኑን ከፈተች።

ደሙ ሲገታ እህቷ ዓይኗን ገለጠች። «ምነው ቆየሽ?»

«ሣጥኑን ይዤ ልምጣ ብዬ።»

ሲመለሱ ወንዙ ጎድሎ አገኙት። አጎቷ በቅሎዋን እየሳቡ ሊገቡ ሲሉ ልጓሙን ያዘችባቸው።

«ጎድሏል እኮ፣ ልጄ!»

«በትሩ ይናገር» አለችና ከእጃቸው ተቀብላ ተከለችው። እግሯ አሁንም መሬቱን ይደበድባል፤ ግን ጠበቀች።