ገዢ በመጣ ቁጥር

«ትንሽ ይጨምሩ በላቸው» አለ አባቷ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ።

ደላላው ላቡን በመሐረብ ጠረገ። ገዢና ሻጭ ዋጋ ሳይቆርጡ ፊት ለፊት ከተገናኙ ነገር ይበላሻል ባይ ስለሆነ፣ ገዢዎቹን ባልና ሚስት ደጅ መኪናቸው ውስጥ አስቀምጦ፣ በሳሎኑና በመኪናው መካከል ሲመላለስ እግሩ ቀጥኗል።

«ጋሼ፣ እርስዎ የጠሩትን ዋጋ እኮ ነው የሰጡት። ሳንቲም አልቀነሱም። አሁን ምን ብዬ ልንገራቸው?»

«ጨምሩ በላቸው አልኩህ።»

ልጅቷ የማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ትሰማለች። ይሄ ሦስተኛ ገዢ መሆኑ ነው። ባለፉት ሁለት ጊዜያትም ልክ ዋጋው ሲስማማ አባቷ ጨመረ፣ ገዢዎቹም ጥለው ሄዱ። ሰፈርተኛው «ሰውየው ገንዘብ አይጠግብም» ይላል። እሷ ግን ነገሩ ይገባታል። አባቷ አናጢ ነው፤ የዚህን ቤት በሮችና መስኮቶች፣ የእሷን አልጋ ሳይቀር፣ በገዛ እጁ ነው የሠራው። እሸጣለሁ ይላል እንጂ ልቡ አልቆረጠም።

እውነቱን ለመናገር የእሷም ልብ አልቆረጠም። ገዢ ጥሎ በሄደ ቁጥር እፎይ ትልና ወዲያው እናቷ ትዝ ትላታለች። እናቷ ነርስ ናት፤ ወደ ሩቅ ከተማ ከተዛወረች ዓመት አልፏታል። ቤቱ ሲሸጥ እዚያ ሌላ ገዝተው አብረው ሊኖሩ ነበር ቃላቸው። በስልክ «ከምን ደረሳችሁ?» ስትል ግን አባቷ ከጎን ይጠቅሳታል፣ «ገዢ ጠፋ በያት።» እሷም ትላለች።

«እነዚህም ከሄዱ እኔ የለሁበትም» አለ ደላላው። «ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

ይህን ጊዜ ስልኳ ጠራ። እናቷ ናት። አባቷ በዓይኑ ጠቀሳት፤ የተለመደውን በያት ማለቱ ነው።

«እማዬ።»

«የኔ ቆንጆ፣ በላሽ?» ድምጿ ደክሟል። «አሁን ከሥራ ስወጣ ምን ሆንኩ መሰለሽ፣ የአንቺን የመሰለ ቦርሳ ያዘለች ተማሪ አየሁና ተከተልኳት። አንቺ እንዳልሆንሽ እያወቅሁ እኮ ነው። ሰፈሯ ድረስ ሄድኩ።» ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተቆረጠ። «ጀዝቤልሻለሁ በቃ።»

ልጅቷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ጫን አደረገች። እናቷ ፀጉሯን ስትሠራት አንገቷ ላይ የሚያርፈው ትንፋሽ ናፈቃት፤ ቁጣዋ ሳይቀር ናፈቃት። በሮቹን አየቻቸው። የሚያምሩ በሮች ናቸው፤ ግን እናቷ በአንዳቸውም አትገባም።

«እማዬ፣ ገዢ አለ» አለች። «ድሮም ነበረ። ዋሽቼሽ ነው። ቆይ፣ አባዬ ይነግርሻል።»

ስልኩን ዘረጋችለት። አባቷ እጇን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ ተቀበላት። «እኔ ነኝ» አለና ግድግዳውን ተደግፎ ያዳምጥ ጀመር።

ደላላው የሆነ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት ልጅቷ ራሷን ነቅንቃ ከለከለችው። አባቷ ምን እንደሚመልስ አልጠበቀችም። ወጥታ የግቢውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችና የመኪናውን መስኮት አንኳኳች።

«አሁን ደግሞ ስንት ተጨመረ?» አለች ሚስትየዋ፣ መስታወቱን እያወረደች።

«ምንም አልተጨመረም» አለች ልጅቷ። «ግቡ። አባቴ ከእናቴ ጋር እያወራ ነው።»