ጸጥተኛውን የመረጠ አልነበረም

«ቀጣዩ ምዕራፍ የት ደረሰ?» እያላችሁ በውስጥ መስመር ስታጨናንቁኝ ከረማችሁ። ዛሬ እነግራችኋለሁ።

ይሄ ልብወለድ አይደለም። ልብወለድ ስጽፍ ታውቁኛላችሁ፣ አሳምሬ ነው የምዋሸው። ይሄ ግን በራሴ ላይ የደረሰ ነው፤ እውነተኛ ስሜ ልዩ ነው... ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ወይዘሮ ቡዜ ግቢ በተከራየኋት አንዲት ክፍል። ረቡዕ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ጀመረ።

ታሪኩን ታስታውሳላችሁ። አንዲት ሴት፣ ሦስት ወንዶች። ሀብታሙ፣ አደገኛው፣ ጸጥተኛው።

ሀብታሙንና አደገኛውን ከራሴ ፈጠርኳቸው። የመኝታ ቤቱን ነገርማ... በቃ፣ ያነበባችሁ ታውቁታላችሁ። እናቴ እንዳትደርስበት ነው እስከ ዛሬ በብዕር ስም የጻፍኩት።

ጸጥተኛውን ግን አልፈጠርኩትም።

እሱ ልዑልቃል ነው። ቀለበት ያሰረልኝ ሰው። ካዛንቺስ ተወልዶ ያደገ፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ከአክስቱ ጋር ወደ ከተማው ዳር የወጣ። አስፋልት ዳር ስንሄድ ሁልጊዜ በመኪናው በኩል የሚሆን። የሸሚዙ ሁለተኛ ቁልፍ ላልታ «ነገ እሰፋልሃለሁ» ስለው፣ «እሺ» ብሎ ዓመት ሙሉ የጠበቀኝ።

ያን ሁሉ ጻፍኩት። ሳልነግረው። እንዳይታወቅብኝ ብዬ ሸሚዙን ብቻ ከሰማያዊ ወደ ነጭ ቀየርኩት።

አንብቦ አወቀ። ባምቢስ አካባቢ ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ከሦስቱ አንቺ የቱን ነው የምትመርጪው?» አለኝ።

ሳቅኩ። «እኔ ምን አገባኝ? አንባቢ የመረጠውን ነዋ።»

አልተቆጣም። ቀለበቱን መልሺም አላለኝም። ተነስቶ ሄደ። ሁለት ወር አልደወለም። እኔም ኩራቴ አላስደወለኝም።

ከዚያ እናንተን ድምፅ አሰጠኋችሁ። ማን ይውጣ? አልኩ። ስምንት ሺህ ሰው ጸጥተኛው አለ። «እንቅልፍ ያመጣል፣ ግደዪልን» ያላችሁም ነበራችሁ።

ገደልኩት።

እንደ ወጉ መርዶም ጻፍኩለት። መርዶ ማታ አይነገርም... ሐዘንተኛዋ ያቺን አንድ ሌሊት እንኳ ትተኛ ተብሎ። ስለዚህ አራት ሰዎች ገና ሲነጋ ሴትየዋ ደጅ መጥተው፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው፣ በር እስኪከፈት ሲጠብቁ ጻፍኩ። ረቡዕ አንድ ሰዓት ላይ ለቀቅኩት።

ወዲያው ስልኬ ጠራ። ሙሐሲን ነው፣ የልዑልቃል የሥራ ባልደረባ። እኔና ልዑልቃል ከተለያየን ወዲህ ደውሎልኝ አያውቅም።

«ቤት ነሽ?»

«አዎ። ምነው?»

«ምንም... በልተሻል?»

«ሙሐሲን፣ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። በቃ፣ ደህና እደሪ።» ዘጋው።

አሥር ደቂቃ ሳይቆይ ወይዘሮ ቡዜ ሽሮ ይዘው ገቡ። ሁለት ዓመት ስከራያቸው ራት አምጥተውልኝ አያውቁም። ዓይኔን አላዩኝም።

«ብዪ ልጄ። እህል ቅመሺ።»

«ምን ተገኘ እማማ?»

«ምን ይገኛል... ስልክሽን እስቲ አውሺኝ። የኔ ባትሪው አልቋል።»

ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ ሲበራ አየሁት።

«እየሠራሁበት ነው» አልኳቸው። ሲወጡ በሩን ቀስ አድርገው ገጠሙት።

ወደ አስተያየታችሁ ተመለስኩ። «እሰይ ተገላገልን»፣ «አሁን ሁለቱ ይፋጠጡ»... በመካከል ስምም ፎቶም የሌለው አንድ ሰው እንዲህ ብሏል።

«ሸሚዙ ነጭ አልነበረም።»

ልቤ ድንግጥ አለ። በደስታ ነው... እውነቱን ልንገራችሁ፣ በደስታ። እያነበበኝ ነው ማለት ነዋ።

«ልዑልዬ?» ብዬ ጻፍኩ።

«ሰዎቹም አራት አይደሉም። ሦስት ናቸው።»

«አኩርፈሃል?»

«አክስቴን ደረጃው ላይ አታስቀምጫት። ጉልበቷን ያማታል።»

ምን ለማለት እንደፈለገ አልገባኝም። ስለናፈቀኝ አልጠየቅኩትም።

«ነገ ና። ቁልፏን እሰፋልሃለሁ።»

እሱ ግን ሌላ ጠየቀኝ።

«አንቺስ የቱን መረጥሽ?»

መልሱን ጻፍኩት። «አንተን» የምትል አንድ ቃል። ከዚያ አጠፋኋት። ፊት ለፊት ልንገረው ብዬ። ደግሞ ትንሽ ይለፋ ብዬ።

«ነገ እነግርሃለሁ» አልኩት።

«እሺ» አለ።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከውጭ የሰው ጉሮሮ ሲጠረግ ሰምቼ ነቃሁ። ማንም አላንኳኳም። መጋረጃውን ገለጥ አደረግኩ።

ደረጃው ላይ ሰዎች ተቀምጠዋል። ሙሐሲን። ወይዘሮ ቡዜ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው የያዙት የልዑልቃል አክስት፣ ወይዘሮ ብርነሽ።

ሦስት ናቸው።

ገባኝ። ግን እንዲናገሩት አልፈለግኩም። በሩን ከፍቼ «እማማ ብርነሽ፣ ይግቡ... ደረጃው ይበርድዎታል» አልኳቸው።

«ልጄ» አሉ። «አንቺ ጋ እየመጣ ነበር እኮ።»

ረቡዕ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ሜክሲኮ አደባባይ። ታክሲ ሊይዝ ሲሻገር መኪና ገጨው። ስልኩ እዚያው ተሰባብሯል። እኔ ምዕራፉን ስለቅ ከሞተ ሦስት ሰዓት ሆኖት ነበር።

እያለቀስኩ ለሙሐሲን ልውውጡን ላሳየው ስልኬን ከፈትኩ። የኔ ጽሑፎች አሉ። «ልዑልዬ?» አለ፣ «ነገ ና» አለ። የሱ ግን አንድም የለም። ገብታችሁ እዩት፣ አላጠፋሁትም። ከስር አንዷ አንባቢ «ደራሲዋ፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» ብላኛለች።

በአርባው ወይዘሮ ብርነሽ አንድ ፌስታል ሰጡኝ። ያን ቀን የለበሰው ሰማያዊ ሸሚዝ ነው። አጥበውታል። ሁለተኛዋ ቁልፍ በአንድ ክር ተንጠልጥላለች።

«ልዩ ጋ እሄዳለሁ ሲለኝ፣ ቁልፏን ልትከልልህ ብለው እምቢ አለ» አሉኝ። «እሷ ትስፋልኝ አለ።»

ቤት ወስጄ ወንበር ላይ ዘረጋሁት። መርፌና ሰማያዊ ክር አወጣሁ። ክሩ በመርፌው አላልፍ አለኝ። መርፌውንና ክሩን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ተኛሁ።

ከመተኛቴ በፊት ጮክ ብዬ አልኩት። «አንተን ነው። ሁልጊዜም አንተን ነበር።»

ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነቃሁ። በሩ እንደተቆለፈ ነው። ጠረጴዛው ላይ መርፌው የለም።

ቁልፏ ተሰፍታለች።

ክሩ ገና አልተቆረጠም። መርፌው ከጫፉ ተንጠልጥሎ... ይወዛወዛል።