ከውሃ ስር ያለ ዱካ

መቶ አለቃ ዘውዱ ከወልድያ ተጠርቶ ረፋድ ላይ መርሳ ሲደርስ የገበሬ ማኅበሩ ዓሣ ኩሬ ጢም ብሎ ሞልቷል። የኩሬው ጠባቂ የማሩ ሬሳ ከውሃ ወጥቶ ዳር ላይ ተጋድሟል፤ ማጅራቱን ተመትቷል። የሚስቱ ወንድም ደምሴ የፊጥኝ ታስሮ አጠገቡ ቁጭ ብሏል።

«ፀረ አብዮት ነው» አለ ሊቀመንበሩ ሀብቴ። «‹ወፎቹ ዓሣችንን ፈጁት› እያለ ከማሩ ጋር ሁሌ ይጣላ ነበር። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ማሩ ጭቃው ላይ ከሽመላዎቹ መሃል ቆሞ፣ ይሄ ደግሞ ዱላ ይዞ ከኋላው ሲጠጋው በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ማታ እንወስደዋለን።»

በዚያ ዘመን «እንወስደዋለን» የተባለ ሰው አይመለስም። ዘውዱ ይህን ስለሚያውቅ ጨነቀው።

የሟች ሚስት በላይነሽ ቀረበችው። «መቶ አለቃ፣ ባሌን ልቀብር ነው፤ ወንድሜንም ልቅበር?»

«ሁለቱ ይጣሉ ነበር?»

«በአፍ ነዋ! ማሩ በበጋ ውሃውን እያጎደለ ዳሩን ለሽመላ ይተወዋል፤ ‹ለነሱም ይድረሳቸው› ይላል። ደምሴ ያጉረመርማል። ትናንትማ ከቀትር ጀምሮ ውርጌሳ ለቅሶ ሄዶ አድሮ ጎህ ሲቀድ ነው የገባ።»

«ሊቀመንበሩስ?»

«ነገ የአውራጃ እንግዶች አሉ፤ ሞልቶ እንዲታይ ማፍሰሻውን ዝጋ አለው። ማሩ ሰው ፊት እምቢ አለው።»

«ቢዘጋ ለመሙላት ስንት ይፈጅበታል?»

«ሌሊቱን ሙሉ።»

ዘውዱ ዳር ዳሩን ዞረ። ማፍሰሻው ተዘግቷል። ሽመላዎቹ ወርካው ላይ ተኮልኩለው ቁልቁል ያያሉ፤ አንድም የወረደ የለም። ጎንበስ ቢል፣ ጉልበት ከሚደርሰው ውሃ ስር፣ ጭቃው ላይ የሽመላ ዱካ ተደርድሯል።

ሁሉንም ሬሳው ዙሪያ ሰበሰበ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ማሩን ያዩት ጎህ ሲቀድ ነው?»

«አልኩህ እኮ።»

«ጎህ ሲቀድ ጭቃው ከውሃ ስር ነበር። ዱካው ይኸውና፣ ሽመላዎቹም ዛፍ ላይ ናቸው። ኩሬው እንዲህ የሚሞላው ትናንት ማታ ከተዘጋ ነው፤ ማሩ ደግሞ አልዘጋም ብሏል። ስለዚህ እሱን ጭቃው ላይ ከሽመላ ጋር ያዩት ትናንት ጀንበር ስትጠልቅ ነው። መቱት፤ ማፍሰሻውን ዘጉ፤ ውሃው ሬሳውን ሸፈነልዎ። ደምሴ ግን ከትናንት ቀትር ጀምሮ ውርጌሳ ነበር፤ እሱ ላይ ለመለጠፍ ሞቱን ወደ ንጋት አመጡት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ጓድ።»

ሀብቴ ሬሳውን አየ። «ለወፍ ብሎ ሰው ፊት አዋረደኝ» አለ ቀስ ብሎ።

ገመዱ ከደምሴ ክንድ ወደ ሀብቴ ተዛወረ። በላይነሽ የማፍሰሻውን መክፈቻ ብረት አንስታ ለወንድሟ ሰጠችው።

«እንግዲህ የምታጎድለው አንተ ነህ።»

ደምሴ እያለቀሰ ከፈተው። ውሃው ሲሸሽ አንድ ሽመላ ከወርካው ወርዶ እግሩ ስር ቆመ። ደምሴ አላባረረውም።