ላብ ያልነካው ሸሚዝ

ሟቹ ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ከንድፍ ቢሮው የኋላ በር ፈንጠር ብሎ፣ ብስክሌቱን እንደ ትራስ ተንተርሶ ተገኘ። ውሃ ሰማያዊው፣ ስስ የሊነን ጨርቅ ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ክሬም ሱሪው አንድ ጠብታ ቅባት አልነካውም። ከጆሮው በላይ ያለው ቁስል ባይኖር ኖሮ ለሠርግ ተዘጋጅቶ እንቅልፍ የጣለው ሙሽራ ይመስል ነበር።

ሙቀቱን ተዉት። ገና በጠዋቱ ዝንብ መብረር አቅቷት በእግሯ ትሄዳለች። ጥላ እንኳ ራሱ ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ሥር ተለጥፏል።

መርማሪዋን ሰዎች ቆቅ ይሏታል። ስትተኛ አንድ ዓይኗ ሥራ ይገባል ተብሎ ይወራል፤ እውነት ነው ብሎ የማለ ሰውም አለ። ከሬሳው አጠገብ ገና ከመንበርከኳ አዛዧ ደወለ።

«የፍሬኑ ገመድ ተላቅቋል። ትናንት ያደሰውን ሰውዬ ይዘነዋል። ምን ቀረሽ?»

«ሬሳውን ማየት፣ ጌታዬ።»

«እስከ ማታ ሌላ ሰው ካላመጣሽ አዳሹን እከሰዋለሁ።»

ብስክሌት አዳሹ እጁን በካቴና ታስሮ መንገድ ዳር ተቀምጧል። «እትዬ፣ ብሎኑን በዚህ እጄ ነው ያጠበቅኩት» አላት። «እናት የሌላት ልጅ አለችኝ። ዛሬ ካልገባሁ በር የሚከፍትላት የለም።»

ቆቅ ወደ ሬሳው ተመለሰች። ጎንበስ ብላ የሟቹን አንገት አሸተተችና ቅንድቧን አነሳች። ከዚያ ከብስክሌቱ ኋላ የተንጠለጠለውን ቦርሳ ከፈተች። ወዲያው አፍንጫዋን ይዛ መልሳ ዘጋችው። «ይህን ቦርሳ ማንም እንዳይነካው» አለች፤ ቦርሳውንም ራሷ ተሸክማ ወደ ቢሮው ገባች።

ሟቹን በቢሮው ያለ ሁሉ ፔዳል ይለዋል። ዝናው አንድ ነበር፤ በዚያ እሳት ውስጥ በብስክሌት መጥቶ እንደ ታጠፈ ደብዳቤ ደረቅ ሆኖ መግባት። ዘና ያለ ግን ክብር ያለው አለባበስ የሚፈልግ ሁሉ እሱን ያማክራል። «ሰፋ ያለ፣ ሳሳ ያለ፣ ነፋስ የሚያሳልፍ» ይላል ጣቱን እያወዛወዘ። «ላብ የሚመጣው ከፀሐይ አይደለም፣ ካለማወቅ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ መርማሪዋን የተቀበላት ከረባቱን እንዳጠበቀ ነው።

«ሰው ይቀናበት ነበር?»

«ላብ በማያውቅ ሰው የማይቀና ማን አለ?»

«የኋላ በሩን ቁልፍ የያዘ ማነው?»

«እኔ፣ ፔዳልና ዶፍ።»

«የመታጠቢያ ቤቱንስ?»

ሰውዬው ከረባቱን አላላ። «እሱን… እኔና ፔዳል ብቻ። ለምኖኝ ነው።»

የፔዳል ሚስት ቢሮው ከደረሰች ጀምሮ አላለቀሰችም። ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እጆቿን ታያለች፤ ቆዳቸው በሳሙና ተበልቷል።

«ጠዋት ተጣልታችሁ ነበር?»

«ለመጣላት ጊዜ የት አለኝ? ልብስ ሳጥብ ነው የምኖረው። ያገባሁት አንድ ባል ነው፣ የማጥበው የሁለት ባል ልብስ።»

ቆቅ ይህችን ቃል እንደ ሳንቲም ጉንጯ ውስጥ አስቀመጠቻት።

ዶፍ የፔዳል የቅርብ ጓደኛ ነው። ከሲታ፣ ትሑት፣ ሲያወራ በየመሃሉ ግንባሩን በመሐረብ የሚጠርግ።

«ዶፍ የሚል ስም ማን አወጣልህ?»

«የክፍል ኃላፊነት ቦታ ወጥቶ እኔና ፔዳል ተወዳደርን። ልብስ ምረጥልኝ ብዬ ለመንኩት። ‹ግራጫ ልበስ፣ ግራጫ ክብር አለው። በብስክሌትም ና፣ ንቁ ሰው ነው ይሉሃል› አለኝ። እንዳለኝ አደረግኩ። ስደርስ ግራጫው ላይ ላቤ እንደ ዓለም ካርታ ተዘርግቷል። ከፈታኞቹ አንዱ ‹ዝናብ ጀመረ እንዴ?› ብሎ በመስኮት አየ።» ለመሳቅ ሞከረ። «ቦታው ለእሱ ሆነ። ስሙ ለእኔ።»

«አልተቀየምከውም?»

«ጥፋቱ የኔ ቆዳ ነው እንጂ የሱ ምክር መቼ ነው? ያላየኝ ሐኪም የለም። ጤነኛ ነህ ይሉኛል፤ እንዴት አምናቸዋለሁ? ፔዳል እኮ በምድጃ ውስጥ ቢያልፍ ሸሚዙ አይረጥብም! በዓይኔ እያየሁት!»

ቆቅ ከመሐረቡ ላይ ዓይኗን አላነሳችም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አዳሹ ከነካቴናው በር አጠገብ ቆሟል። አዛዡ በጋዜጣ ራሱን እያራገበ ሰዓቱን ያያል። ቆቅ ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ጥያቄዬ አንድ ነው» አለች። «ይህ ሰው የሞተው ወደ ሥራ እየመጣ ነው፣ ወይስ ሥራ ደርሶ?»

«እየመጣ ነዋ!» አለ አዛዡ። «ከነብስክሌቱ ነው የተገኘው።»

«እንግዲያው ሸሚዙ ለምን ደረቀ? ክሬም ሱሪ ለብሶ፣ የሱሪውን ጫፍ ሳያስር ሰንሰለት አጠገብ ብስክሌት ሲነዳ መጥቶ፣ ቅባት ለምን አልነካውም? አንገቱስ ለምን አዲስ ሳሙና ይሸታል?»

ዚፑን ከፈተች። ፎጣ አወጣች፤ እርጥብ ነው። ቁምጣ አወጣች። በመጨረሻ አንድ ካናቴራ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። ጷ! አለ፣ እንደ እርጥብ ሥጋ። ሽታው አዳራሹን ሲሞላ ሥራ አስኪያጁ ራሱ መስኮት ከፈተ።

«ፔዳል እንደ ማንኛችንም ያልበዋል። እንዲያውም ከማንኛችንም በላይ። ከሁሉ ቀድሞ በኋላ በር ይገባል፣ ይታጠባል፣ ይቀይራል፣ ከዚያ ‹የጨርቅ ምርጫ ነው› እያለ ይሰብካል። ዛሬም ታጥቦ፣ ለብሶ ጨርሶ ነበር። የሞተው እዚህ ነው። ገዳዩ በኋላ በር አውጥቶ ቁልቁለቱ ሥር ጣለው፣ የፍሬኑን ገመድም ፈታ።»

«ታዲያ ማነው?» አለ አዛዡ፤ ጋዜጣው ቆሟል።

«አዳሹ ቁልፍ የለውም። ሚስቱ ብትሆን ኖሮ ካናቴራውን መልሳ ታለብሰው ነበር፤ በየማታው የምትጨምቀው እሷ ናት። ሥራ አስኪያጁም ያውቃል፣ የመታጠቢያ ቤቱን ቁልፍ የሰጠው እሱ ነው። ምሥጢሩን የሚያውቅ ሰው ይህን ቦርሳ እንዲህ አይተወውም። ገዳዩ ግን አልከፈተውም። ደረቅ ሸሚዝ ለብሶ በብስክሌት የሚመጣ ሰው አልገረመውም፤ ሁልጊዜ የሚያየው እሱን ነዋ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የኋላ በር ቁልፍ ካላቸው ውስጥ ፔዳልን ከልቡ ያመነው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ዶፍ አልካደም። የሰማትም አይመስልም። ወደ ጠረጴዛው ተጠግቶ ካናቴራውን በአንድ ጣቱ ነካው።

«የማነው?»

«የሱ።»

«የሱ?» ጣቱን አሸተተ። «የሱ ላብ ነው?»

ዶፍ ወንበር ላይ ተዘረጋ።

«ሰው ሳያየኝ እንድደርቅ ብዬ ነው በጠዋት የምመጣው። ኮሪደሩ ላይ አገኘሁት፤ አሁን ተተኩሶ የወጣ ሸሚዝ መሰለኝ። ‹ወንድሜ፣ እግርህ ሥር ልውደቅ፣ የምትጠቀምበት ነገር ካለ ንገረኝ› አልኩት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና ‹ሰው እኩል አልተፈጠረም፣ አንተ የተሠራኸው ከጭቃ ሳይሆን ከጭቃው ውሃ ነው› አለኝ። ሳቀ። ገፋሁት። ደረጃው ጠርዝ ላይ…» ቀና ብሎ ሚስቲቱን አያት። «እታለም፣ አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ቤታችሁ መጥቼ ስለ ሐኪሞቹ ስነግራችሁ ራት እያቀረብሽልን ነበር። አንድ ቃል አይወጣሽም?»

ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ እንባዋ መጣ። «ሰው ሲያደንቀው ደስ ይለኝ ነበር» አለች። «ሌላ የሚደነቅበት ነገር አልነበረውም።»

ቆቅ የያዘችው ካቴና አንድ ብቻ ነው። ከአዳሹ እጅ ፈታችና ወደ ዶፍ ዞረች። አዳሹ የቀላ አንጓውን እያሸ ቆመ።

«ፍሬኑን ስትፈታ እኔ እንደምታሰር አላሰብክም?»

«ወንድሜ ሙት፣ ማንንም አላሰብኩም።»

«እኔ ግን» አለ አዳሹ «ቀኑን ሙሉ ሳስብ የዋልኩት አንተን ነው። ምን ዓይነት አውሬ ይሆን እያልኩ።» ዶፍን ከላይ እስከ ታች አየው፤ የሚሰድበው ቃል ፈለገ፣ አጣ። ልጁ በር ላይ እንዳይመሽባት እየሮጠ ወጣ።